አንድ ስም፣ ሁለት እትም፦ ነባሪውን የመምረጥ ታሪክ

ከጅግጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበሩን የተሻገረ መንገደኛ ሐርጌሳ ለመድረስ ብዙ ሰዓት አይፈጅበትም። እኛም አንዳችን የታሪክ፣ አንዳችን የሒሳብ መምህር የሆንን የአንድ መምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ባልደረቦች በዚሁ መንገድ ሄደን፣ በዚያች ከተማ ለወጣት መምህራን የአጭር ጊዜ የኮምፒዩተር ሥልጠና ስንሰጥ ጥቂት ሳምንታት ቆይተን ነበር። የዚህ ጽሑፍ መነሻ በዚያ የገጠመን አንድ ትንሽ ነገር ነው። ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ የተማሪን ደረጃ ሊያዛባ የሚችል ሆኖ ስላገኘነው፣ ለሥራ ባልደረቦቻችን ለማካፈል ወደድን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስብልን እንጠይቃለን።

ያስተማርነው ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ኮምፒዩተሮች ከልዩ ልዩ ለጋሾች፣ በልዩ ልዩ ጊዜ የተገኙ ስለሆኑ አንደኛው ረድፍ በ2016 የወጣውን ኡቡንቱ፣ ሌላው ረድፍ በ2019 የወጣውን ፌዶራ 31 የያዘ ነበር። በመልመጃነት የሰጠነው ጥያቄ ማንኛውም የክፍል ኃላፊ መምህር በየመንፈቁ የሚሠራው ነው፤ ይኸውም የተማሪዎችን የ3 ትምህርት ውጤት ደምሮ ለ3 ማካፈልና በአማካዩ መሠረት ደረጃ ማውጣት ነው። ከፍተኛ ውጤት ካገኙት ሁለት ተማሪዎች የአንዱ ድምር 226፣ የሌላው 227 ነበር። በኡቡንቱ ረድፍ የተቀመጡት ሠልጣኞች ለሁለቱም 75 ስለወጣላቸው «እኩል 1ኛ» ብለው ጻፉ። በፌዶራ ረድፍ ያሉት ግን ለአንዱ 75.33፣ ለሌላው 75.67 ገደማ ስላገኙ አንዱን 1ኛ፣ ሌላውን 2ኛ አደረጉ። ፕሮግራሙ ከቃል እስከ ቃል አንድ ነው፤ እኛው ራሳችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍነው ነው። የስሕተት መልእክት የሚባልም በየትኛውም ኮምፒዩተር ላይ አልወጣም። ከሠልጣኞቹ አንዷ ብድግ ብላ «መዓሊን፣ ትክክለኛው የትኛው ነው?» አለችን። መዓሊን በሶማሊኛ መምህር ማለት ነው። እኛ መዓሊኖቹም እርስ በርሳችን ተያየን።

ምክንያቱን ለማግኘት ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፈጀብን። በሁሉም ኮምፒዩተሮች ላይ ሁለት የፓይተን እትሞች ተጭነው ኖረዋል፤ አሮጌው 2.7 እና አዲሱ 3። «ፓይተን» ብለን በባዶው ስም ስንጠራ ግን በአንዱ ረድፍ አሮጌው፣ በሌላው ረድፍ አዲሱ ይመልስልናል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አበበ ቢኖሩና መምህሩ የአባት ስም ሳይጨምር «አበበ» ብሎ ቢጠራ ከሁለቱ አንዱ «አቤት» ማለቱ አይቀርም። ያ «አቤት» ባዩ እትም ነባሪ ይባላል። አሮጌው እትም ሙሉ ቁጥርን በሙሉ ቁጥር ሲያካፍል ትርፉን ጥሎ ሙሉውን ብቻ ይመልሳል። አዲሱ ነጥቡን ጨምሮ ይሰጣል። ሁለቱም በየራሳቸው ሕግ ትክክል ናቸው። ስሕተቱ የኛ ነበር፤ የትኛውን አበበ እንደምንጠራ አልተናገርንም።

ነባሪውን የሚወስነው ማን ነው? በአሠራሩ ብንመለከተው ኮምፒዩተሩ ስሙን ሲሰማ በተወሰነ ቅደም ተከተል የተዘረዘሩ ፎልደሮችን አንድ በአንድ ይፈትሻል። በመጀመሪያ ያገኘውን ያስነሣል፤ ከዚያ ወዲያ አይፈልግም። ስለዚህ የፎልደሮቹ ተራ ብቻ ነባሪውን ሊለውጥ ይችላል። ባዶው ስም ራሱም ብዙውን ጊዜ ፕሮግራም ሳይሆን ወደ አንዱ እትም የሚያመለክት ማገናኛ ነው። ኡቡንቱ የተገኘበት ዴቢያን እንዲህ ያሉ ማገናኛዎችን የሚያስተዳድርበት አንድ ብልህ ዘዴ አለው። ለያንዳንዱ አማራጭ የቅድሚያ ቁጥር ይሰጥና ማንም ጣልቃ ካልገባ ትልቅ ቁጥር ያለውን ራሱ ይመርጣል። ኃላፊው በእጁ ከመረጠ ግን ያን ምርጫ ይዞ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ቢመጣም አይለውጠውም። በዊንዶውስ ላይ ደግሞ «ፓይ» የምትባል አነስተኛ አስጠሪ ከ2012 ጀምሮ ከፓይተን 3.3 ጋር መጥታለች፤ ከስሟ ቀጥሎ 2 ወይም 3 የሚለውን ቁጥር ሲጽፉላት የተባለውን እትም ትጠራለች። ይህ ሁሉ እንግዲህ የመሣሪያው ነገር ነው። መሣሪያው ከመሠራቱ በፊት ግን ሰዎች መወሰን ነበረባቸው፤ ታሪኩም እዚያ ላይ ነው።

ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሱም ፓይተንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያቀረበው በየካቲት 1991 ነው። ሁለተኛው ትልቅ እትም በጥቅምት 2000 ወጣ። ማካፈልን በሚመለከት ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲካፈል ነጥቡ መጥፋቱ ሰውን እንደሚያሳስት ደራሲዎቹ ተረድተው ለመለወጥ የወሰኑት ገና በ2001 ነው። ነገር ግን ቀድሞ የተጻፈው ፕሮግራም ሁሉ በአንድ ሌሊት መልሱን እንዳይለውጥ ፈሩ። ከዚህም የተነሣ አዲሱን አካፋፈል የፈለገ ሰው ከፕሮግራሙ አናት ላይ «ከወደፊቱ አምጣ» የሚል ዓይነት መስመር እንዲጽፍ ተደረገ። ወደፊቱ የደረሰው ከ7 ዓመት በኋላ፣ 3ኛው እትም በታኅሣሥ 3 ቀን 2008 ሲወጣ ነው።

በ3ኛው እትም የተለወጠው ማካፈል ብቻ አይደለም። ለኛ በግዕዝ ፊደል ለምንጽፍ ሰዎች ከዚያ የሚበልጠው የጽሑፍ አያያዝ ነው። አሮጌው እትም «ሐርጌሳ» የሚለውን ቃል ርዝመት ሲጠየቅ 12 ይላል። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አቀማመጥ 3 ባይት ስለሚይዝ የሚቆጥረው ፊደሉን ሳይሆን ባይቱን ነው። አዲሱ እትም 4 ይላል። በአሮጌው እትም ልዩ ማስታወቂያ ከላይ ሳይጻፍ አንድ የአማርኛ ቃል በፕሮግራሙ ውስጥ ከተገኘ ሥራው ጨርሶ ይቆማል፤ ነባሪው ፊደል የእንግሊዝኛው ነበርና። በአዲሱ ግን የተለዋዋጭን ስም እንኳ «አማካይ» ብሎ በአማርኛ መሰየም ይቻላል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ሲሆን፣ በዚህ ቋንቋ ውስጥ ያለ ፈቃድ ወረቀት ለመግባት 9 ዓመት ጠብቋል ማለት ነው። (እግረ መንገዳችንን፣ ሶማሌዎቹ ከተማቸውን በተራው «ሀ» እንጂ በ«ሐ» አይጠሯትም። እኛ በ«ሐ» የጻፍነው በልማድ ነው። ሁለቱ ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተሩ ፈጽሞ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ ስም ዝርዝር በፊደል ተራ የሚያወጣ መምህር ይህን ልብ ቢል ይጠቀማል።)

አዲሱ እትም ይህን ያህል የተሻለ ከሆነ በ2008 ነባሪ ለምን አልሆነም? አሮጌው ቀድሞ ስለነበረ ነው። በየኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ የተጻፉ ብዙ አነስተኛ ፕሮግራሞች «ፓይተን» ብለው ሲጠሩ የሚያውቁት አሮጌውን ነበር። የቋንቋው ባለቤቶችም ለሁሉ የሚሆን አንድ የመለወጫ ቀን አልቆረጡም። አርች ሊኑክስ የተባለው በጥቅምት 2010 ከሌሎቹ ቀድሞ ባዶውን ስም ወደ 3 አዞረው፤ ሌሎቹ ዝም አሉ። በዚህ የተፈጠረውን ግራ መጋባት ለማብረድ በ2011 የተዘጋጀው 394ኛው የፓይተን የውሳኔ ሰነድ ባዶው ስም ለጊዜው 2ን ይጥራ፣ 3ን የፈለገ «ፓይተን 3» ብሎ ይጥራ የሚል ምክር ሰጠ። ምክር ነው እንጂ ሕግ አልነበረም። የአሮጌው እትም ድጋፍ በ2015 ሊያበቃ ታስቦ የነበረው በ2014 በተሰጠ ማስታወቂያ እስከ 2020 ተራዘመ። ሰነዱም በ2019 ተሻሽሎ አከፋፋዮች እንደየፈቃዳቸው እንዲያደርጉ ተፈቀደ። ፌዶራ 31 በዚያው ዓመት ባዶውን ስም ለ3 ሰጠ። ሬድ ሃት 8 ለማንም ሳይሰጥ ኃላፊው ራሱ ይምረጥ አለ። በ2021 የወጣው ዴቢያን 11 ደግሞ ባዶው ስም ጭራሽ እንዳይመልስ አድርጎ፣ ለሚፈልግ ሰው «ፓይተን ማለት ፓይተን 3 ነው» የሚል ትርጉም ያለው ትንሽ ጥቅል አዘጋጀ። አፕል በመጋቢት 2022 አሮጌውን ከማክ ኮምፒዩተሮቹ ላይ አነሣው። ከ2008 እስከዚህ ድረስ ቢቆጠር ከ13 ዓመት በላይ ይሆናል። በሐርጌሳዋ ክፍል ውስጥ ሁለቱን ረድፍ ያጣላቸው ይኸው ዘመን ነው፤ አንዱ ረድፍ ከውሳኔው በፊት፣ ሌላው ከውሳኔው በኋላ የተሠራ ነበርና።

ነገሩ ከገባን በኋላ የሠራነውን ስሕተትም ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። በማግሥቱ ማለዳ ሠልጣኞቹ ሳይመጡ በአንዱ ኡቡንቱ ላይ 3.6 የተባለውን አዲስ እትም ጫንንና፣ «ፓይተን 3» የሚለው ስም ከኮምፒዩተሩ ጋር በመጣው 3.5 ፈንታ እሱን እንዲጠራ አደረግን። ሁሉም ያማረ መሰለን። ትእዛዝ የምንጽፍበትን መስኮት ዘግተን እንደገና ልንከፍት ስንል ግን አልከፈት አለን። የመስኮቱ ማስነሻ ራሱ በፓይተን የተጻፈ ኖሮ ከ3.5 ጋር አብረው የመጡትን ረዳት ክፍሎች ይፈልጋል፤ በ3.6 ዘንድ አላገኛቸውም። እኛ ለሠልጣኞቹ ብለን የለወጥነው ስም የኮምፒዩተሩም የቤት ስም መሆኑን አላሰብንም። በስተመጨረሻ መስኮት ወደሌለበት የጽሑፍ ገጽ ገብተን ማገናኛውን ወደ ቦታው መለስነው። ሠልጣኞቹ ሲደርሱ ላባችንን እየጠረግን ነበር።

የሆነውን ስንነግራቸው ከመካከላቸው በዕድሜ ጠና ያሉት አንድ መምህር ፈገግ ብለው፣ «ይህማ በኛም ፊደል ደርሷል፤ የኛ ማሽን ግን ለብዙ ዘመን ነባሪ አልነበረውም» አሉ። የታሪክ መምህር ለሆነው ባልደረባችን ከዚህ የበለጠ ግብዣ አልነበረም። በየማታው ሻይ ላይ ከኚሁ መምህር ጋር ያነሣነውንና ቀድሞ የምናውቀውን አያይዘን እናቀርባለን።

ሶማሊኛ በ20ኛው መቶ ዘመን መካከል አንድ ቋንቋ ሆኖ ብዙ ፊደል «የተጫነበት» ነበር። የሃይማኖት ሰዎች በዐረብ ፊደል ይጽፉታል። ከሆቢዮ ሱልጣኖች ቤተሰብ የሆኑት ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ በ1920 አካባቢ ዑስማንያ የሚባለውን ፊደል ፈጠሩ። ከሐርጌሳ በስተምዕራብ ባለችው በቦራማ ሼክ ዐብዱራሕማን ሼክ ኑር በ1933 ሌላ ፊደል አወጡ። ሑሴን ሼክ አሕመድ ካዳሬ በ1952 ሌላ ጨመሩ። በላቲን ፊደል ለመጻፍ የሞከሩም ብዙ ነበሩ። ሐርጌሳ ዋና ከተማው የነበረችው የብሪታንያ ሶማሌላንድ ሰኔ 26 ቀን 1960 ነጻ ወጥታ ሐምሌ 1 ቀን ከደቡቡ ጋር ስትዋሐድ፣ የሰሜኑ መዝገብ በእንግሊዝኛ፣ የደቡቡ በጣሊያንኛ የተጻፈ ነበር። የአንዱ አገር ሁለት ጸሐፊዎች በቃል በአንድ ቋንቋ ተነጋግረው በጽሑፍ ግን አይግባቡም።

በ1960 በሙሴ ሐጂ ኢስማዒል ገላል የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመና አማራጮቹን መርምሮ ወደ ላቲኑ አዘነበለ። በ1966 ዩኔስኮ የላካቸው ባለሙያዎች አንድርዜየቭስኪ፣ ስትሬልሲንና ቱቢያና የደረሱበትም ከዚህ የራቀ አልነበረም። ከሦስቱ ሁለቱ፣ ስትሬልሲንና ቱቢያና፣ በኢትዮጵያ ጥናት የታወቁ ሊቃውንት መሆናቸው ለኛ አንባቢዎች የሚያስገርም ነው። የላቲኑ ዋና ክርክር ውበት ወይም ክብር አልነበረም፤ የጽሕፈት መኪናውና ማተሚያው ቀድሞ በአገሩ ስለነበረ ነው። ሺሬ ጃማ አሕመድ ያቀረቡት አጻጻፍ ምንም ተጨማሪ ምልክት ሳይፈልግ በማናቸውም የእንግሊዝኛ ጽሕፈት መኪና ይጻፋል። እንግሊዝኛ ብዙም የማይቸገርባቸውን ፊደሎች ወስዶ «ሲ»ን ለጉሮሮው «ዐ»፣ «ኤክስ»ን ለ«ሐ» ሰጠ። ተቃዋሚዎቹ ግን «ላቲን» የሚለውን ቃል አዙረው በዐረብኛ «ላ ዲን»፣ ሃይማኖት የለሽ፣ እያሉ ይሳለቁበት ነበር። ከዚህም የተነሣ በምርጫ የሚኖሩት መንግሥታት ሁሉ ውሳኔውን ለተከታዩ እያስተላለፉ 9 ዓመት አለፈ።

ቀኑን የቆረጠው በጥቅምት 21 ቀን 1969 ሥልጣን የያዘው የሲያድ ባሬ ወታደራዊ መንግሥት ነው። በሦስተኛው ዓመት በዓሉ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1972፣ የላቲኑ ፊደል የሶማሊኛ ፊደል መሆኑን አወጀ። አስቀድሞ በ1971 የተቋቋመው የቋንቋ ኮሚሽን የመማሪያ መጻሕፍት ሲያዘጋጅ ቆይቶ ስለነበር ሥራው ወዲያው ተጀመረ። በ1974 ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችና መምህራን ፊደል ለማስተማር ወደ ገጠር ዘመቱ። በዚያው ወራት የኛም ተማሪዎች ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደየገጠሩ ይጓዙ ነበር።

ነገር ግን ሶማሊኛ ከድንበሩ ወዲህም ይነገራል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ከተማሩት 15 ቋንቋዎች አንዱ ሶማሊኛ ሲሆን የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። እንግዲህ ከቶጎ ውጫሌ ወዲያና ወዲህ አንድ ቋንቋ ሁለት ነባሪ ፊደል ነበረው፤ ልክ በክፍላችን እንደነበሩት ሁለት ረድፎች። ይህ ልዩነት እስከ 1991 ድረስ ቆይቶ፣ ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያው ሶማሌ ክልልም በላቲኑ መጻፍ ጀመረ።

የሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን ስናየው አንዱን አሞግሰን ሌላውን ለመንቀፍ አንቸኩልም። የፓይተን ሰዎች ማንንም ሳያስገድዱ ቀን ሳይቆርጡ ስለቀሩ ከ13 ዓመት በላይ ውዥንብር ሆነ። ሆኖም አሮጌው እትም በሙሉ ስሙ ለሚጠራው ሁሉ እስከ መጨረሻው ይመልስ ነበር። የሶማሊያው ውሳኔ ቀን ስለነበረው በጥቂት ዓመት ሰፊ ሕዝብ ማንበብ ቻለ። ሆኖም ዑስማንያና የቦራማው ፊደል የሚጠሩበት ስም እንጂ የሚመልሱበት ክፍል አላገኙም። ዑስማንያ በ2003 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ የሚጽፍበት ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ከሁሉ የደነቀን ሌላ ነው። ያን ፊደል ያወጀው መንግሥት በ1988 ሐርጌሳን ከከተማዋ ከራሷ አውሮፕላን ማረፊያ በተነሡ አውሮፕላኖች ደብድቦ አፍርሷታል። በከተማዋ መካከል የቆመው የሚግ አውሮፕላን ሐውልት ይህን ይመሰክራል። መንግሥቱ በጥር 1991 ወደቀ፤ ሶማሌላንድም ግንቦት 18 ቀን ከሶማሊያ መለየቷን አወጀች። ባንዲራው፣ ገንዘቡ፣ ሕጉ ተለወጠ። ፊደሉን ግን የለወጠው የለም። በሐውልቱ ዙሪያ ባሉት ሱቆች ላይ ያሉት ጽሑፎች በዚያው በ1972ቱ አጻጻፍ የተጻፉ ናቸው። ኚያ መምህር ይህን ስናነሣባቸው፣ «የኛ ልጆች ቀድመው ተምረውበታል፤ ለማን ብለን እንጣለው?» አሉን። በአጭሩ፣ አንድ ጊዜ ነባሪ የሆነ ነገር የመረጠውን ሰው አይጠይቅም።

በክፍላችን ያደረግነው ከዚህ የቀለለ ነው። የኮምፒዩተሩን የራሱን ነባሪ አልነካንም። ለሠልጣኞቹ ለያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፎልደር ውስጥ የራሱ ፓይተን 3 ያለው ዝግ የሥራ ክፍል ከፈትንላቸው። እዚያ ውስጥ ሲገቡ ባዶው ስም ሁልጊዜ 3ን ይጠራል፤ ሲወጡ ኮምፒዩተሩ እንደ ቀድሞው ነው። ከዚህ ጋር በየፕሮግራሙ የመጀመሪያ መስመር ላይ የትኛው እትም እንዲያነብበው እንደተጻፈ በቁጥር እንዲጠቅሱ፣ ውጤት ሲያስረክቡም እትሙን በወረቀቱ ራስጌ እንዲጽፉ አደረግን። ያቺ «የትኛው ነው ትክክለኛው?» ብላ የጠየቀችን ሠልጣኝ ማካፈሉን አሮጌው እትምም ነጥቡን ሳይጥል እንዲሠራው ከ3 ፈንታ በ3.0 ማካፈል እንደሚበቃ ራሷ ደርሳበት ለሁለቱም ረድፍ አሳየች። የሁለቱ ተማሪዎች ደረጃ ከዚያ ወዲያ በየትኛውም ኮምፒዩተር 1ኛና 2ኛ ሆኖ ወጣ።